ሬዲዮ የሚዘጋበት ሰዓት

አማትየዋ ዛሬም ጠዋት የገዛ ልጃቸውን ዘጉት። ተቆጥተው እንኳ አይደለም። ድስት እንደሚከድን ሰው ረጋ ብለው፣ እርጥብ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠርገው፣ የመስኮቱ ደፍ ላይ የተቀመጠችውን ሬዲዮ ቀጭ አደረጓትና ወደ ድንቻቸው ተመለሱ። ምራታቸው በሩ አጠገብ ጫማዋን እያሰረች ነበር። ቀና ብላ አየቻቸው፤ ከዚያ የታሰረውን ማሰሪያ ፈትታ እንደገና ማሰር ጀመረች። ምን ትበላቸው? ድምፁ የተቆረጠው ሰውዬ ለእሳቸው የመጨረሻ ልጅ፣ ለእሷ የባሏ ታናሽ ወንድም ነው። ፕሮግራሙን አዘጋጅታ በሕዝብ ሬዲዮ ጣቢያው የምታስተላልፈውም እሷው ራሷ ናት። ደግሞ እኮ የተቀረውን ያዳምጣሉ! ማታ የተላለፈው ጠዋት ሲደገም አንዲት ቃል እንድታመልጣቸው አይፈልጉም። የሚዘጉት ልጃቸው የሚናገርባትን ያቺን ቁራጭ ሰዓት ብቻ ነው።

«ድንች ደግሞ ጨመረ» አሉ ሳያዩዋት።

«ትናንት ነው እኮ የጨመረው።»

«ትናንት የጨመረው ሌላ፣ ዛሬ የጨመረው ሌላ። ስትመለሺ ሳሙና ካገኘሽ ይዘሽ ነይ።»

በዚህ ቤት የሚወራው እንዲህ እንዲህ ያለው ነው፤ ድንች፣ ሳሙና፣ የቤት ኪራይ፣ የጎረቤት ውሻ። ግድግዳው ላይ ታላቁ ልጅ፣ ባሏ ማለት ነው፣ የወታደር ልብስ ለብሶ የተነሳው ፎቶ ተሰቅሏል። እሱ ግንባር ነው፤ ሲመቸው ይደውላል፣ «ደህና ነኝ» ይላል፣ መስመሩ ይቆረጣል። የታናሹ ወንበር ደግሞ ጥግ ተገፍቶ ያልተተኮሰ ልብስ ተከምሮበታል። ታናሹ ፋርማሲስት ነው፤ በምክር ቤቱ አንድ መቀመጫ ብቻ ያላት የአንዲት ትንሽ ፓርቲ ተወካይም ነው። የጦርነቱ በጀት ሲጸድቅ ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል ለተቃውሞ የወጣችው እጅ የእሱ ብቻ ነበረች። ተኩስ ይቁም፣ እንነጋገር ነው የሚለው። ከዚያ ቀን ወዲህ እግሩ እዚህ ቤት አልረገጠም፣ ስሙም አልተነሳም። ማንም አትምጣ አላለውም፤ ማንም ደግሞ ና አላለውም። እናት ስለ ልጃቸው አይጠይቁ፣ በየቀኑ ስቱዲዮ ውስጥ የምታገኘው ምራት አታወራ፤ ሁለት ሴቶች ፊት ለፊት ተቀምጠው ድንች ይልጣሉ። እውነት ይነገር ከተባለ እሷም በሆዷ ከአማቷ ጋር ናት። ባሏ ምሽግ ውስጥ ሆኖ ወንድሙ «እንደራደር» ሲል ስትሰማ ደሟ ይፈላል። ደሟ እየፈላም ታስተላልፈዋለች፤ ሥራዋ ነዋ።

ከቤት ስትወጣ መንገዱ ጭጭ ብሏል። ሌላ ጊዜ በዚህ ሰዓት ከፀጉር ቤቱ፣ ከልብስ ሰፊው፣ ከዳቦ ቤቱ፣ ከጋራዡ የሚወጣው ድምፅ አንድ ነው፤ ቤትሽ በር ላይ የጀመርሽውን ዜና አውቶቡስ ፌርማታው ጋ ትጨርሺዋለሽ። አሁን ግን የስፌት መኪናው ሲንኳኳ ይሰማል፣ ጋራዡ ውስጥ ብረት ሲወድቅ ይሰማል። ፀጉር አስተካካዩ ግማሽ ፊቱ አረፋ የሆነውን ደንበኛውን ጥሎ በር ላይ ሲጋራ ይለኩሳል። «ሰላም አደርሽ የሬዲዮዋ! ዕረፍት ላይ ነን» አላት እየሳቀ። ሳቅ አለችለት፤ ምን ታድርግ። የዳቦ ቤቷ ሴትዮ ከትናንቱ ያነሰ ዳቦ ከትናንቱ በበለጠ ዋጋ በወረቀት ጠቅልላ ሰጠቻትና፣ የሷ ጥፋት ይመስል፣ «አንቺ እንኳ ምን ታደርጊዋለሽ» አለቻት። ስለ ዳቦው ይሁን ስለ ፕሮግራሙ አልገባትም። ጥጉን ልትታጠፍ ስትል ሬዲዮኑ ሁሉ ባንዴ፣ እንደ ተማከረ፣ በዘፈን ተከፈተ። ማን እንደሚነግራቸው እንጃ። ጉድ እኮ ነው! በድንች ዋጋ ያልተስማማ ሰፈር ፋርማሲስቱን በመዝጋት ተስማምቷል።

ነገሩን ያመጣችው ራሷ ናት፤ በክፋት ግን አይደለም። የጣቢያው ሕግ፣ ጦርነትም ቢሆን፣ የተለየ አስተያየት ያለው እንግዳ ሳይሰማ የምሽቱ ውይይት እንዳይተላለፍ ያዛል። መጀመሪያ ላይ እንግዳ ነበር። አንድ ጠበቃ፣ አንዲት ጡረተኛ መምህር፣ አንድ የማኅበር ሰው ይፈራረቁ ነበር። በኋላ ጠበቃው ጉሮሮውን አመመው፣ መምህሯ ስልኳን ዘጋች፣ የማኅበሩ ሰው «ልጆች አሉኝ» አለና በዚያው ቀረ። ፋርማሲስቱ ብቻ በምሳ ሰዓቱ ነጭ ጋዋኑን እንኳ ሳያወልቅ ይመጣል። እሷ ደግሞ ሰው እንዳይቆጣ፣ ለእሱም ከለላ እንዲሆነው ብላ፣ ቦታ ቆርጣ ሰጠችው፤ መጀመሪያ የመንግሥትን አቋም የሚያስረዳው ባለሥልጣን፣ ከዚያ ዘፈን፣ ከዚያ «ቀጥሎ የሚሰማው አስተያየት የእንግዳውን እንጂ የጣቢያውን አቋም አያሳይም» የምትል ዓረፍተ ነገር፣ ከዚያ እሱ፣ ከዚያ ሌላ ዘፈን። ዓረፍተ ነገሯን የጻፈቻትም እሷ ናት። ስትጽፋት ደስ ብሏት ነበር። አገሩ ሁሉ መቼ እንደሚዘጋ ያስተማረችው በገዛ እጇ መሆኑ የገባት ከዋለ ካደረ ነው። ጣቢያው ውስጥ ያቺን የእሱን ሰዓት «ጨው» ይሏታል። ወጣችሁ አልጫ ነው እንዳንባል ቆንጠር አድርገን እንጨምራለን፣ እንደማለት።

ቢሮዋ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። መስኮቶቹ ፍንዳታ ቢመጣ እንዳይረግፉ በፕላስተር ተጣብቀዋል፤ ምንጣፉ ከብዙ ሰው እግር የተነሳ መሀሉ ሳስቷል። ሻይ ቤቱ ዋጋውን ላለመጨመር ስኳሩን ቀንሷል፤ ብርጭቆውን ስታማስል ማንኪያው የሚያገኘው ነገር የለም። ቁጭ ከማለቷ ምክትል ኃላፊው ገባ። ሠራተኛው «አቶ በአጭሩ» ይለዋል፤ «በአጭሩ» ብሎ ከጀመረ ሻይ ይቀዘቅዛል። ክፉ ሰው አይደለም። ሠራተኛ ሲታመም ሆስፒታል ድረስ ሄዶ የሚጠይቅ፣ ለቀብርም የሚቀድመው የሌለ ሰው ነው። በሩን ቀስ ብሎ ዘጋና ወንበር ሳበ።

«በአጭሩ» አለ፣ «ይህችን ጨው እንተዋት። እኔ ላዝዝሽ አልችልም፤ ሕጉ ለአዘጋጅ ነው የሰጠው። ግን እንግዳ ከታጣ ታጣ ነው፣ ሕጉም ይኼን ይፈቅዳል። ዛሬ የፕሮግራም ቅጹ ላይ ‹እንግዳ አልተገኘም› ብለሽ ብትሞዪልኝ ነገም ከነገ ወዲያም አይገኝም፤ በቃ፣ ያልቃል። የሚሰማው እንኳ ቢኖር ጥሩ። የእኔ ሾፌር ይዘጋዋል፣ ባለቤቴ ትዘጋዋለች። እኔም፣ እያፈርኩም ቢሆን ልንገርሽ፣ መኪና ውስጥ ስሆን እዘጋዋለሁ። ባልሽ እዚያ ነው። ማንም አይፈርድብሽም። አዲስ ሰው አዘጋጅ ይሁን የሚሉም አሉ፤ ስምሽ ሲነሳ እኔ ነኝ የምከላከለው። ከዚያም አልፎ የቤተሰብ ነገር ነው፤ አውቃለሁ።»

«እሺ፣ አየዋለሁ» አለችው። በዚያ መሥሪያ ቤት «አየዋለሁ» ማለት «እሺ ይሁን» ማለት ነው። አቶ በአጭሩ ደስ ብሎት ተነሳ፤ በሩ ላይ ዞር ብሎ ስለ ባሏ ጠየቃት፣ «አይዞሽ» አላትና ለስብሰባ ወጣ። እሷ ቅጹን ጠረጴዛዋ ላይ ዘርግታ አየችው። ሁለት ቃል ናት። ሁለት ቃል ከጻፈች ደሞዟ ይቀጥላል፣ የቤት ኪራዩ ይከፈላል፣ አማቷ ከድንቻቸው አይነሱም፣ መንገዱም ጭጭ አይልም። እሷም የማትወደውን ንግግር በገዛ ጆሮዋ እየሰማች፣ ሳሉን ከመሀል እየቆረጠች፣ የጠላቷን ልብስ እንደምታጥብ ያህል ማጠቧ ይቀርላታል። ስታስበው ደስ አላት፤ ዕረፍት ነው። ብዕሩን አነሳች፣ ከዚያ ‹ሰውየው መጥቶ ይመለስ አይባልም፣ ልቅዳውና እጽፋለሁ› ብላ አስቀመጠችው።

ፋርማሲስቱ መጣ። ጋዋኑ አንገቱ ጋ ሰፍቶበታል። የድምፅ ባለሙያው፣ «ጆሮ» የሚሉት ሽማግሌ፣ ማይኩን አስተካከለለትና «ዛሬ ምን ይዘህልን መጣህ? የትናንቱን?» ብሎ ቀለደበት። እሷ ከመስታወቱ ወዲህ ተቀመጠች። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ እሷ ትጠይቃለች፣ እሱ ይመልሳል፣ በኋላ የእሷ ድምፅ ተቆርጦ ይወጣና እንግዳው ብቻውን የሚናገር ይመስላል። ጀመረ። «ሁሉን አቀፍ ፖለቲካዊ መፍትሔ»፣ «የተቀናጀ የሰላም አማራጭ»፣ «ባለድርሻ አካላት» እያለ እንደ መድኃኒት መመሪያ አነበበላት። ሰማችው፣ ሰማችውና ወንበሯን ወደ መስታወቱ ሳበች። ይኼ ነው? እናቱን ያስቀየመበት፣ ወንበሩን ያስወሰደበት፣ ባሏን በሌለበት የሚያስከፋባት ነገር ይኼ ነው? ባለድርሻ አካላት? አዝራሩን ተጫነችው። የአዘጋጅ ጥያቄ አልነበረም፤ የሚስት ጥያቄ ነበር።

«አንተ፣ ቆይ። ወንድምህ አሁን ምሽግ ውስጥ ሆኖ ይኼን ቢሰማ፣ ‹የገዛ ወንድሜ ከጀርባ ወጋኝ› ቢል፣ ምን ትለዋለህ?»

ሽማግሌው ጆሮ እጁን ከመቅረጫው ላይ አነሳና አያት። ፋርማሲስቱ ቅንድቡን አሸ። በመስታወቱ ውስጥ ሲታይ ድንገት ባሏን መሰላት፤ እሱም መልስ ሲያጣ እንዲሁ ቅንድቡን ነው የሚያሸው።

«ይለኛል» አለ በመጨረሻ። «እንደሚለኝ አውቃለሁ። እሱ ያለበትን እኔ አላየሁትም፣ ስለዚህ ልክ ሊሆን ይችላል። እኔ ግን እጄን ያወጣሁት እንዲመለስልኝ ነው። አሸንፎ ከሆነ አሸንፎ፣ ሳያሸንፍም ከሆነ ሳያሸንፍ። ይኼ ፈሪ ካሰኘኝ ፈሪ ልባል። ተሳስቼም ሊሆን ይችላል እኮ! ተሳስተሃል፣ በዚህ በዚህ ምክንያት ተሳስተሃል የሚለኝ ሰው ግን አላገኘሁም። መንገድ ላይ ይሰድቡኛል፣ ፋርማሲው በር ላይ ይጽፉብኛል፤ የሚመልስልኝ የለም። እናቴ ደግሞ መስደቡንም ተወችኝ። ምነው በሰደበችኝ።»

ፋርማሲስቱ ማይኩን ገፋ አድርጎ ሲወጣ በር ላይ አገኘችው። ሁልጊዜ የሚጠይቃትን ጠየቃት፤ «እህት ዓለም፣ እማዬ ታዳምጠኛለች?» ሁልጊዜ «ታዳምጥሃለች» ነበር የምትለው። ዛሬ ውሸቱ አልወጣላት አለ።

«ትዘጋሃለች።»

ሳቀ፤ ሆዱ እንደባሰው ግን ያስታውቃል። «ምን ይገርማል። ፋርማሲ ውስጥ እኔ ራሴ ቆሜ እያለሁ አብራኝ የምትሠራው ሴትዮ ትዘጋኛለች። ‹ይቅርታ፣ ልማድ ሆኖብኝ ነው› ትለኛለች» አለና ለሥራው እንዳይረፍድበት ደረጃውን ሮጠ።

ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰች። ቅጹ እዚያው ነው። አሁንም ከሰውየው ጋር አልተስማማችም። ‹ሳያሸንፍም ከሆነ ሳያሸንፍ› ያለው እየቆረቆራት ነው፤ ባሏ ስንት ጓደኛ ቀብሮ ሳያሸንፍ ይመለስ? እንዴት ተብሎ! መልስ አላት። እሱ ከሄደ በኋላ ሆነ እንጂ ብዙ መልስ መጣላት፤ ደረጃው ላይ ተከትላው ልትወርድ ምንም አልቀራት። ይኼኔ ነው ነገሩ ፍንትው ያለላት፤ በነዚያ ሁሉ ወራት የሰውየውን ንግግር ቆርጣ፣ አጥባ፣ ለክታ አስተላልፋለች እንጂ አንድም ቀን ልትመልስለት አምሯት አያውቅም። አልሰማችውም ነበር ማለት ነው። አማቷ በጣታቸው ዘጉት፣ እሷ በዚያች ባማረች ዓረፍተ ነገር። ቅጹን ሳበችና እንግዳ በሚለው ቦታ ላይ የባሏን ወንድም ስም ጻፈች። ለአቶ በአጭሩ ጸሐፊ ደውላ «እንግዳ ተገኝቷል በይልኝ፣ ከስብሰባ ሲወጣ» አለቻት። ከዚያ ጆሮ ጋ ሄደች።

«ያቺን የመጨረሻ መልሱን አምጣና መጀመሪያ ላይ አድርጋት። ከዜና ዕወጃው ቀጥላ ትግባ። ዘፈን አያስፈልግም፣ ማስጠንቀቂያዋንም አውጣት።»

«ያለ ማስጠንቀቂያ?» አለ ጆሮ። «ሰው ሳይዘጋው ሊሰማው እኮ ነው!»

«እኮ!»

ጆሮ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ። «የአንቺንስ ድምፅ? ላውጣው?»

ትንሽ አሰበች። «ተወው። ጥያቄው የብዙ ሰው ነው፤ ይሰማ።» ባለሥልጣኑም ሙሉ ሰዓቱ ተሰጠው፤ አንዲት ቃል አልተነካበትም፤ ተራው ብቻ ወደ ኋላ ሆነ። ጆሮ እያጉተመተመ ሠራው። ሲጨርስ «ከዚህ ፕሮግራም ካነሱሽ ማኅደር ክፍል ነው የሚወረውሩሽ፤ አቧራው ለሳንባ አይሆንም» አላት። መምከሩ ነው።

ሳሙና አገኘች፤ ዋጋውን ሰምታ አንዱን መለሰችና አንዱን ያዘች። አውቶቡሱ ውስጥ ቆማ ነው የሄደችው። ስልኳን ደጋግማ አየች፤ ስብሰባው አላበቃም መሰለኝ ማንም አልደወለም። ቤት ስትገባ የምሽቱ ዜና እያለቀ ነበር። አማትየዋ ሾርባውን ጥደው፣ የታጠበ ልብስ ጭናቸው ላይ እያጣጠፉ፣ ሬዲዮኗ አጠገብ ተቀምጠዋል። «ሳሙና?» አሉ። ሰጠቻቸው። አሸተቱትና «ይኼማ አረፋ የለውም» አሉ። ኮቷን ሳታወልቅ የወንበር ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ‹ብነግራቸው ይሻል ነበር› ስትል አሰበች፤ ‹አሮጊትን እንዲህ ማጥመድ ምን ይባላል?› ‹እማዬ› ልትል አፏን ስትከፍት የገዛ ድምፅዋ ከመስኮቱ ደፍ ላይ ቀደማት። አንተ፣ ቆይ።

«አንቺ ነሽ እንዴ?» አሉ አማትየዋ። ሬዲዮኗን አዩ፣ እሷን አዩ፣ ተመልሰው ሬዲዮኗን። ጥያቄው አለቀ። ከዚያ ዝምታ፤ ጆሮ ዝምታውን አልቆረጠውም። ከዚያ የልጃቸው ድምፅ መጣ። የአማትየዋ እጅ እንደ ልማዱ ብድግ አለ፤ ግን ዘፈኑ አልቀደመውም፣ ማስጠንቀቂያዋ አልተነገረችም፣ እጁ ምን እንደሚያደርግ ግራ ገባው። የተጣጠፈው ልብስ ከጭናቸው ላይ ወደቀ። ቆመው ሰሙ። «ምነው በሰደበችኝ» ሲል አፋቸውን በእጃቸው ከደኑ። ውጭ የሰፈሩ ሬዲዮኖች አሁንም እንደተከፈቱ ናቸው፤ የሆነ ቦታ አንድ ሰው «ምን ነካቸው ዛሬ!» ብሎ ሲጮህ ተሰማ፣ አንዱ ሬዲዮ ተዘጋ፣ የሌሎቹ ቀጠለ። ፋርማሲስቱ ጨረሰ፣ ባለሥልጣኑ ጀመረ። አማትየዋ ጥቂት ካዳመጡት በኋላ እጃቸውን ዘርግተው ቀጭ አደረጉት።

«ምነው፣ እማዬ?»

«እሱን ነገ ጠዋት ሲደግመው እሰማዋለሁ። ስልክሽን አምጪ።»

«ለማን?»

«ለማን ትለኛለች! ለዚያ ለልጄ ደውይልኝ እንጂ።»

ደወለችላቸው። ሁለት ጊዜ እንኳ ሳይጠራ አነሳው፤ የሚለው አልተሰማትም። አማትየዋ ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ልክ ሰውየው ጓሮ ያለ ይመስል፣ ጮኹ። «አንተ! ማን ነው የማይመልስልህ? እ? እኔ ሞቼልሃለሁ? ተሳስተሃል! … ተሳስተሃል ብያለሁ፣ ዝም በልና ስማ! ወንድምህ እዚያ ቁር ላይ ተኝቶ ሳለ፣ እነዚያ ነገ አይመጡም ብሎ ማን ዋስ ሆነልህ? በወረቀት ነው የምታቆማቸው? … አላልኩም? ምንድን ነው ያላልከው? … ምን?» ከዚያ ዝም አሉ። የሱ ድምፅ እንደ ንብ ጥዝ እያለ ከጆሯቸው ስር ይሰማል። አማትየዋ ፊታቸው ቲማቲም መስሏል፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል፣ በጭራሽ አልተስማሙም። ግን ይሰማሉ። ምራታቸው የወደቀውን ልብስ ለማንሳት ጎንበስ ብላ በዚያው ቀረች፤ እንባዋ አሸነፋት።

ስልኩ ቲት፣ ቲት ማለት ጀመረ። አማትየዋ ከጆሯቸው አርቀው በጥርጣሬ አዩት። «ይኼ ምንድን ነው? ሌላ ሰው ገባብኝ።»

ቀና ብላ ስሙን አነበበች። «አለቃዬ ነው፣ እማዬ።»

«ምን ፈልጎ?»

«ፕሮግራሙን ሊቀማኝ ይመስለኛል።»

አማትየዋ አዩዋት። ረጅም ጊዜ ነው ያዩዋት፤ ኮቷን፣ ፊቷን፣ እጇ ላይ ያለውን ልብስ። ስልኩ ይጮኻል። ከዚያ ጥግ ወዳለው ወንበር ሄደው፣ የተከመረውን ልብስ በክንዳቸው ወደ ወለሉ ጠርገው፣ እላዩ ላይ ተቀመጡና ስልኩን ወደ ጆሯቸው መለሱት።

«ይጠብቅ!» አሉ። «አንተ ደግሞ ምን ዝም አልክ? ቀጥል እንጂ፤ እየሰማሁህ ነው።»